ጣና የባሕር ዳር ፍሳሽ ማጣሪያ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ባሕር ዳር ፍሳሽ በተካሄደ ውይይት አንድ የሥራ ኃላፊ፣ ጣና ሰፊ በመሆኑ የከተማዋን ፍሳሽ ራሱ እንደሚያጠራውና አየር አልባው የሜምብሬን ማጣሪያ (ፍሳሹን ያለ አየር አብላልቶ በረቂቅ ወንፊት የሚያጠራው ዘዴ) ለእኛ ቅንጦት እንደሆነ መናገራቸው በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።

ሐይቁ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ እንደሚሰፋ እናውቃለን። ባሕር ዳር ያለችው ግን ዐባይ ከጣና በሚወጣበት ደቡባዊ ጫፍ ላይ ስለሆነ፣ ፍሳሿ እስከ ጎርጎራ ተሰራጭቶ አይቀጥንም፤ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ደንገል ሥር ይተኛል፣ አለዚያም ከዐባይ ጋር ሰውና ከብት ወደሚጠጡበት ወደ ጢስ ዐባይ ይወርዳል። በበጋ የጎርፍ መውረጃ ቦዩ አፍ ላይ ቆሞ፣ የሳሙና አረፋ ያዘለው ጥቁር ውኃ ሐይቁን ሲቀላቀል ያየ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ይናገራል?

ቅንጦትስ ሌት ተቀን በሞተር አየር እየነፉ ማጣራት ነው፤ በተለመደው ማጣሪያ ጣቢያ ከኤሌክትሪኩ ግማሽ ያህሉን የሚበላው ይኸው ነው፣ መብራት ሲጠፋም ሥራው ይስተጓጎላል። በአየር አልባው ዘዴ ግን ረቂቅ ተሕዋስያን በተዘጋ ገንዳ ውስጥ ቆሻሻውን አብላልተው ለማገዶ የሚሆን ሚቴን የተባለ ጋዝ ያወጣሉ። ተሕዋስያኑ ቀስ ብለው የሚባዙ በመሆናቸው ከውኃው ጋር ታጥበው እንዳይሄዱ፣ ቀዳዳው ከአንድ ማይክሮን (ከሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ያነሰው ሜምብሬን ያግዳቸዋል፤ ውኃው በሰዓታት ውስጥ ጠርቶ ይወጣል፣ እነሱ ይቀራሉ።

ዘዴው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ አያስወግድም የሚለው ተቃውሞ ደግሞ ለእኔ ዋናው ምስጋናው ነው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ሐይቅ ሲገቡ የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ የወረረውን እምቦጭ ይቀልባሉ፤ ማሳ ሲገቡ ግን በቆሎ ያበቅላሉ። የጎጃም ገበሬ ዩሪያ ለማግኘት ሲንከራተት፣ አገሪቱም ማዳበሪያ በውጭ ምንዛሬ ስትገዛ፣ ያንኑ ናይትሮጅንና ፎስፎረስ በቦይ ወደ ጣና መልቀቅ ጥፋት ነው። የገበሬውን እህል የበላ ከተማ ከማሳው የተወሰደውን ሊመልስለት ይገባል፤ የተጣራው ውኃም ሐይቁን ሳይነካ በቱቦ ወደ ሰባታሚትና ወደ ሌሎቹ የከተማዋ ዙሪያ ማሳዎች ይሂድ። ክረምት ላይ መሬቱ ውኃ ይጠግባል ከተባለ ማጠራቀሚያ ኩሬ ይቆፈር።

ሜምብሬኑ ይደፈናል፣ በኬሚካል መታጠብና በየጊዜው መተካት አለበት፤ በውኃው ውስጥ ሟሙቶ የሚወጣውንም ሚቴን መያዝ ያስፈልጋል። ይህ የጥገና ጉዳይ እንጂ ሐይቅን ለመበከል ፈቃድ አይደለም። በጣና ዳር ሆቴል ለመገንባት ፈቃድ የሚጠይቅ ሁሉ ማጣሪያ እንዲተክል ይገደድ፤ የሜምብሬኑ መተኪያም ከወርሃዊ የውኃ ሂሳቡ ጋር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይከፈል።