ዝሆኑ የማን ነው?

ከታይላንድ ተመልሼ ያነሳኋቸውን ፎቶዎች ሳሳያት የአንዲት ወዳጄ ፊት ጠቆረ። «ዝሆን ለማየት ብር ከፍለህ ሄድክ?» አለችኝ። «በሰው እጅ ያለ ዝሆን እኮ እስረኛ ነው። ያንተ ብር ሰንሰለት ከመግዛት ሌላ ምን ይሠራል?» አቦል ላይ የጀመርነው ክርክር እስከ በረካ ዘለቀ። ያን ቀን ስሜት ስለቀደመኝ የማምንበትን በቅጡ አልነገርኳትም። አሁን ረጋ ብዬ ልመልስላት፤ ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለምና።

መቆጣቷ ያለ ምክንያት አይደለም። በታይላንድ ለቱሪስት የሚሠሩ ዝሆኖች ብዙዎቹ በልጅነታቸው ከእናታቸው ተነጥለው፣ በግንድ መሃል ተወጥረው ታስረው፣ እምቢ ማለትን እስኪረሱ ተገርፈዋል። ይህን ማግራት «ፋጃን» ይሉታል። ከዚያ በኋላ ጀርባቸው ላይ ወንበር ተጭኖ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ቆልማማ ብረት ከጆሯቸው ጀርባ እየተሰነቀረ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያመላልሱ ይውላሉ። የእንስሳት ደህንነት ተሟጋቾች በ2020 ባወጡት ቆጠራ በአገሪቱ የቱሪስት ካምፖች ውስጥ ከ2,700 በላይ ዝሆኖች ነበሩ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወዳጄ ይህን ስለምታውቅ ነው የተቆጣችው። እኔም ሳልሄድ በፊት እንደ እሷ ነበርኩ።

ባንኮክ የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም፤ ብዙ የአገሬ ሰው እንደሚያደርገው ታላቅ እህቴን ለሕክምና አጅቤ ነው። ውጤቷ መልካም ሆኖ ለመጨረሻው ቀጠሮ ሰባት ቀን ሲቀረን «እዚህ ሆቴል ተቀምጠህ ከምታፈጥብኝ ሂድና አገር እይ» ብላ ገፋችኝ። ወደ ሰሜን፣ ወደ ቺያንግ ማይ በረርኩ። ከዚያም በአገሪቱ ከፍተኛ ተራራ በዶይ ኢንታኖን በኩል አድርገን ሜ ቼም ወደሚባለው ወረዳ ወረድን። የጥድና የቀርከሃ ደን፣ እንደ ደረጃ የተሠራ የሩዝ ማሳ፣ ከሸለቆው የሚነሳ ጉም። ማታ ላይ ጋቢዬን ናፈቅኩ።

ያረፍኩት ከካረን ሕዝብ ወገን በሆነ ቤተሰብ ዘንድ ነው። ካረኖች በታይላንድ ኮረብታማ አካባቢዎች ከሚኖሩት ሕዝቦች ትልቁ ሲሆኑ፣ ራሳቸውን በቋንቋቸው የሚጠሩበት ስም ትርጉሙ «ሰው» ማለት ነው። ቤቱ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከመሬት ከፍ ብሎ የቆመ ነው፤ ምድጃው ቤት ውስጥ ነው፤ ከሥር ዶሮና አሳማ ይርመሰመሳል። የቤቱን አባወራ ሁሉም «ፓቲ» ይሉታል፤ አጎቴ እንደማለት ነው፤ እኛ ጋሼ እንደምንለው። እኔም ፓቲ አልኩት። የወንድሙ ልጅ እንግሊዝኛ ስለሚችል አስተርጓሚያችን ሆነ።

በነጋታው ማለዳ ዝሆኖቹን ፍለጋ ወጣን። ፍለጋ ያልኩት እውነተኛ ፍለጋ ስለነበር ነው። ፓቲ መሬት መሬቱን እያየ፣ የተሰበረ ቀርከሃ እየነካ፣ ትኩስ ፋንድያ በእጁ ጀርባ እየለካ ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል አስኬደን። አሮጊቷን ዝሆንና የልጅ ልጇን ያገኘናቸው ከጅረት በላይ ባለ ተዳፋት ላይ ነው። ፓቲ ራቅ ካለ ዛፍ ሥር አስቀመጠንና ደንቡን ነገረን፤ መንካት የለም፣ ማብላት የለም፣ ማጠብ የለም፣ መጥራት የለም። መቀመጥ ብቻ።

ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። ጊዜው ይረዝማል ብዬ ነበር፤ አልረዘመብኝም። አሮጊቷ ሣር በኩምቢዋ ትነቅልና ሥሩን በፊት እግሯ ላይ ደጋግማ ትመታዋለች፤ አፈሩ ሲራገፍ ወደ አፏ ትልካለች። ጤፍ የምታበጥር እናት ያለ ጥድፊያ እጇን እንደምታንቀሳቅሰው ነው። ግልገሏ ልታስመስላት ስትሞክር ሣሩን ጆሮዋ ላይ በተነችው። አንድ ጊዜ፣ ምንም ድምፅ ሳልሰማ፣ ደረቴ ውስጥ የከበሮ መንቀጥቀጥ የመሰለ ነገር ተሰማኝ። አስተርጓሚያችን ጎንበስ ብሎ «እያወሩ ነው» አለኝ። ዝሆኖች ከሰው ጆሮ የመስማት ወሰን በታች በሆነ ድምፅ እንደሚነጋገሩ አንብቤ ነበር፤ ማንበብና በአጥንት መስማት ግን ይለያያል።

ማታ እሳት ዳር ፓቲ የዝሆኗን ታሪክ ነገረኝ፤ ለወዳጄ መመለስ የፈለግኩት ከዚህ ይጀምራል። ዝሆኗ የአባቱ ነበረች። አባቱ ከጫካ ግንድ ያስጎትቷት ነበር። በ1988 መጨረሻ ደቡብ ታይላንድ ላይ ከባድ ጎርፍ ደረሰ፤ ከተመነጠሩ ኮረብቶች የወረደ ግንድና ጭቃ መንደሮችን ቀብሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ። በ1989 መጀመሪያ መንግሥት ግንድ መቁረጥን በመላ አገሪቱ ከለከለ። ለደኑ ትልቅ ቀን ነበር። ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ዝሆኖችና ጠባቂዎቻቸው በአንድ ጀምበር ሥራ ፈቱ። አንድ ትልቅ ዝሆን በቀን ከ150 ኪሎ በላይ ይበላል፤ ስድሳና ሰባ ዓመት ይኖራል። ከብት እንኳ ያለ ሥራ ማኖር ለገበሬ ስንት እንደሚያስከፍል የሚያውቅ አንባቢ ቀሪውን ይረዳዋል። አንዳንዱ ዝሆኑን ይዞ በባንኮክ ጎዳና ሙዝ እየሸጠ ለመነ። የፓቲ ቤተሰብ ዝሆኗን ለአንድ የቱሪስት ካምፕ በወር ኪራይ ሰጠ፤ ፓቲም ጠባቂዋ ሆኖ አብሯት ወረደ።

«ዘጠኝ ዓመት ካምፕ ውስጥ ኖርኩ» አለኝ። «እሷ ጫካዋን አላየችም። እኔም ልጄ ሲያድግ አላየሁም።»

ይህን ሲናገር ምድጃውን እያየ ነበር። እኔ እስከዚያች ሰዓት ድረስ በካምፑ ውስጥ አንድ እስረኛ ብቻ ነበር የሚታየኝ።

ከዚያ 2020 መጣ። ኮቪድ የአገሪቱን በር ሲዘጋ ካምፖቹ ገቢያቸው ደረቀ፤ መኖ የሚገዛ ጠፋ። ያን የጸደይ ወራት ከመቶ በላይ ዝሆኖች ከጠባቂዎቻቸው ጋር ከቺያንግ ማይ ዙሪያ ካምፖች ወጥተው፣ አንዳንዶቹ እስከ 150 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘው ወደ ካረን መንደሮች ተመለሱ። የፓቲ ዝሆን አንዷ ነበረች። መንደሩ ሲደርሱ ሰው ሁሉ ወጥቶ ተቀበላቸው፤ ሽማግሌዎች የእንኳን ደህና መጣችሁ ሥርዓት አደረጉ። ድንበሩ ተከፍቶ ካምፖቹ እንደገና ሲደውሉ ግን ሁሉም ቤተሰብ አንድ ዓይነት መልስ አልሰጠም። ዕዳ ያለበት መለሳት። ፓቲና ጥቂት ጎረቤቶቹ ግን መንደሩ ውስጥ እንግዳ ተቀብለው ዝሆኖቻቸውን ጫካ ውስጥ ለማቆየት ወሰኑ።

እንግዲህ ወዳጄ፣ አንቺ «አትክፈሉ» ስትዪ ስልኩን የሚያነሳው ያ ካምፕ ነው። በታይላንድ ሕግ በዱር ያለ ዝሆን የተጠበቀ የዱር እንስሳ ነው። በሰው እጅ ያለው ግን በ1939 በወጣ የሥራ እንስሳት ሕግ ከፈረስ፣ ከበሬና ከውሃ ጎሽ ጋር ተቆጥሮ የሚመዘገብ የግል ንብረት ነው። ይሸጣል፣ ይከራያል፣ ይወረሳል። ሕጉ መቀየር አለበት ብዬ አምናለሁ። እስኪቀየር ድረስ ግን የዝሆኗን ዕጣ የሚወስነው የአንድ ደሃ ቤተሰብ ወርሃዊ ሒሳብ ነው፤ ቁጣችን ወደዚያ ሒሳብ ካልገባ እሷን አይረዳትም።

ይልቀቋት ማለትም ቀላል አይደለም። በሜ ቼም ኮረብቶች ለከብት መኖ ፋብሪካ የሚሆን በቆሎ ደኑን እየበላ ወጥቷል፤ ዝሆን ደግሞ በቆሎ ይወዳል። በአንድ ሌሊት የጎረቤትን የዓመት ጉልበት ልታወድም ትችላለች፤ ካሣውን የሚከፍለው ባለቤቷ ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ጫካ ውስጥ በረጅም ሰንሰለት ትታሰራለች። አየሁት፤ አልደብቅም፤ አልወደድኩትምም። ፓቲን ጠየቅኩት። እሱም እንደማይወደው ነገረኝ፤ የጎረቤቶቹን መሬት ከበቆሎ አውጥተው ለዝሆን ሣርና ቀርከሃ እንዲተዉት ከእንግዶች ገቢ ኪራይ መክፈል እንደጀመሩም አሳየኝ። ማሳው እየሰፋ ሲሄድ ሰንሰለቱ የሚታሰርበት ሌሊት እየቀነሰ ነው። ይህ መፍትሔ አዝጋሚ ነው፤ ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው ያገኙት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። «መጠለያ» የሚለው ስም ምንም ዋስትና አይደለም። ቺያንግ ማይ ከተማ ውስጥ በየአስጎብኚው ቢሮ በር ላይ «መጠለያ»፣ «ግልቢያ የለም» የሚል ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ወንዝ ዳር ግን በቀን ሦስትና አራት ዙር ሰው ዝሆን ያጥባል። ዝሆን ሲፈልግ ራሱ ይታጠባል። በሰዓት ተጠርቶ፣ በማያውቃቸው ሃያ ሰዎች ተከቦ መቆም ከግልቢያ የተለየ ትምህርት አይፈልግም፤ ያው ፍርሃት ነው። በ2025 መጀመሪያ በደቡብ ታይላንድ አንዲት ስፔናዊት ተማሪ ዝሆን ስታጥብ በጥርሱ ተወግታ ሞተች። ሰው ይህን ሰምቶም ለማጠብ ይሰለፋል። እኔ ብሆን ከመክፈሌ በፊት የምጠይቀው ዝሆኑ የማን እንደሆነ፣ ሌሊት የት እንደሚያድር፣ ዝሆኑ ዛሬ ሰው ማየት ካልፈለገ ምን እንደሚደረግ ነው። ለመጨረሻው ጥያቄ «ገንዘብዎ ይመለሳል» የሚል መልስ ከሰጡኝ አልሄድም። «ያው ጫካ ሄዳለች፣ ሻይ እንጠጣለን» ካሉኝ እሄዳለሁ።

ስለ አስተናጋጆቹም እንዲሁ ልጠይቅ ይገባኛል። ኦሞ ሸለቆ ሄዶ የሙርሲ እናቶች በፎቶ ቁጥር ሲከፈላቸው ያየ ኢትዮጵያዊ፣ እንግዳ ሰውን ወደ ትርዒት እንዴት እንደሚቀይር ያውቃል። በሰሜን ታይላንድም የካረን ዘመዶች የሆኑትን፣ አንገታቸው ላይ የነሐስ ቀለበት የሚደርቡትን የካያን ሴቶች ለማየት ትኬት ይቆረጣል። የፓቲ መንደር ውስጥ ለእኔ ብሎ የለበሰ ሰው አላየሁም። ያላገቡት ልጃገረዶች ረጅሙን ነጭ ቀሚስ የሚለብሱት ለበዓል ነው፤ የሸማ እንጨቱ በረንዳ ላይ ነው፤ እንግዳ የሚያሳድረው ቤት በተራ ይቀያየራል፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ እኔን አልፈው ወደ ኳሳቸው ይሮጣሉ። ያደረግኩት ጉብኝት ሲደርስብኝ እንደምፈልገው ዓይነት ነበር።

የደኑ ጉዳይ ከዚህ አይለይም። ካረኖች ሕፃን ሲወለድ እትብቱን በቀርከሃ ቅል አድርገው ከአንድ ዛፍ ጋር ያስራሉ፤ ያ ዛፍ ከዚያ በኋላ አይቆረጥም። እንዲህ ያለ ሕዝብ መሬቱ ብሔራዊ ደን ወይም ፓርክ ተብሎ ሲከለል በገዛ አያቶቹ ማሳ ላይ ወራሪ ይባላል። በ2010 የታይላንድ ካቢኔ የካረንን አኗኗርና መሬቱን በተራ እያሳረፉ የሚያርሱበትን የፈረቃ እርሻ ለመጠበቅ ውሳኔ ቢያሳልፍም ክሱና ማፈናቀሉ አልቆመም። ዝሆኑ የፓቲ ነው፤ ዝሆኑ የሚረግጠው መሬት ግን በወረቀት የእሱ አይደለም። መንደሩ ያስተዳድረዋል የምንለው መጠለያ ሁሉ በዚህ ስንጥቅ ላይ ቆሟል፤ ጎብኚ ሊያውቀው ይገባል።

እኛም ዘንድ ይህን የሚያውቅ ሰው አለ። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራሱ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እዚያ የተረፉት በዚያ ምክንያት ነው፤ ዛሬ እንግዳ የሚያድርበትም ሎጅ የማኅበረሰቡ ነው። ባቢሌ ላይ ግን ከ1970 ጀምሮ የዝሆን መጠለያ የሚባል ቦታ እያለን እርሻና ሰፈራ ከየአቅጣጫው እየገፋው፣ ዝሆኖቹ ለጥርሳቸው እየተገደሉ ነው። የባቢሌ ገበሬ ዝሆን ማሳውን ሲረግጥበት ያውቃል፤ ዝሆን ቤቱን ሲያቀናለት አይቶ አያውቅም። ሜ ቼም ላይ ያየሁትን እዚህ ለማስጀመር የሚያስብ ሰው ካለ ከዚያ ገበሬ ይጀምር።

በመጨረሻው ማለዳ እንደገና ወጣን። አሮጊቷን ያገኘናት ቶሎ ነው፤ ግን ሃያ ደቂቃ እንኳ ሳንቀመጥ ጆሮዋን አንድ ጊዜ አርገበገበችና ግልገሏን አስከትላ ሽቅብ ወጣች። ቀርከሃው ተከፍቶ ተዘጋባቸው። አብረውኝ ከነበሩት ጎብኚዎች አንዱ ካሜራውን እንደያዘ ወደ ፓቲ ዞረ። ፓቲ አልጠራትም። ከወገቡ ቢላውን አውጥቶ ቀርከሃ ቆረጠ፣ ጅረቱ ዳር እሳት አነደደ፣ በቀርከሃው ውስጥ ሻይ አፈላልን።