ላክቲክ አሲድን መውቀስ ይብቃን

«ላክቲክ አሲድ ተጠራቅሞብህ ነው።» ጡንቻውን ያመመው ሰው ሁሉ ይህን ይባላል። በጂም ውስጥ አሰልጣኙ ይለዋል፣ በሰፈር ሜዳ አብረውት የሚጫወቱት ይሉታል፣ አትሌት በመጨረሻው ዙር ስትዝል የስፖርት ዘጋቢው በማይክሮፎን ይደግመዋል። በየኅዳሩ ከታላቁ ሩጫ ማግስት የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ መውረድ ያቃተው ሰውም ለምን እንደሆነ ሲጠየቅ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። አባባሉ ስህተት ነው፤ ስህተትነቱ ከታወቀም ብዙ ዓመታት አልፈዋል። በሯጮቿ ስም ባተረፈች አገር ስለ ጡንቻ እንዲህ ያለ የተሳሳተ ነገር በየቀኑ ሲነገር መስማት ያሳዝነኛል። ጉዳትም አለው።

በእያንዳንዱ የጡንቻ ክር ውስጥ አክቲንና ማዮሲን የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ትእዛዙ በነርቭ በኩል ሲደርስ በክሩ ውስጥ ታምቆ የነበረው ካልሲየም ይለቀቃል። ያኔ የማዮሲን ራሶች አክቲኑን ይይዛሉ፣ ይጎትታሉ፣ ይለቃሉ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብለው እንደገና ይይዛሉ፤ በሁለት እጁ ገመድ እያፈራረቀ ከጉድጓድ ውኃ የሚቀዳ ሰው እንደሚያደርገው ማለት ነው። ፕሮቲኖቹ ራሳቸው አያጥሩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተት ጡንቻው ያጥራል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1954 ያስረዱት አንድሩ ሃክስሊና ሂው ሃክስሊ፣ ስማቸው ቢገጣጠምም የማይዛመዱ ሁለት እንግሊዛውያን ናቸው። ከየባልደረቦቻቸው ጋር ለየብቻ ሠርተው በአንድ የ«ኔቸር» መጽሔት እትም ላይ አወጡት።

ለዚህ ሁሉ ጉልበት የሚሰጠው ኤቲፒ የተባለው ሞለኪውል ነው። ኤቲፒ የሚያስፈልገው ለመጎተት ብቻ አይደለም፤ ለመልቀቅም ነው። አዲስ ኤቲፒ ካልመጣ ማዮሲኑ አክቲኑን እንደያዘ ይቀራል። አስከሬን ከሰዓታት በኋላ የሚደርቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጡንቻ የሚያከማቸው ኤቲፒ ግን በሙሉ ኃይል ለሚሠራ ሰው ከጥቂት ሰከንዶች አያልፍም። ስለዚህ እየሠራ ማምረት አለበት። ፈጣኑ መንገድ ክሬቲን ፎስፌት ነው፤ ለአሥር ሰከንድ ገደማ ያገለግላል። ቀጥሎ ያለው ግሉኮስ የተባለውን ስኳር ያለ ኦክስጅን መሰባበር ነው፤ ይህም ፈጣን ነው፣ ከአንድ ግሉኮስ የሚተርፈው ግን ሁለት ኤቲፒ ብቻ ነው፤ መጨረሻው ላይ ላክቴት፣ ማለትም ላክቲክ አሲድ በሰውነት ውስጥ የሚይዘው መልክ፣ ይገኛል። ሦስተኛው በሴሉ ውስጥ ያሉት ጉልበት አምራች ክፍሎች፣ ማይቶኮንድሪያ፣ በኦክስጅን የሚሠሩት ነው፤ ዝግ ያለ ቢሆንም ከአንዱ ግሉኮስ ወደ 30 ኤቲፒ ያወጣል፣ ስብንም ያቃጥላል። ሦስቱ ተራ እየጠበቁ አይደለም የሚሠሩት። ከመጀመሪያው እርምጃ ጀምሮ አብረው አሉ፤ የሚለዋወጠው የየድርሻቸው መጠን ነው።

ታዲያ ላክቲክ አሲድ እንዴት ተወቃሽ ሆነ? ነገሩ የሚጀምረው ከእንቁራሪት ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ፍሌቸርና ሆፕኪንስ የተባሉ የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ከእንቁራሪት ተቆርጦ የወጣ ጡንቻ ኦክስጅን ሳያገኝ እስኪዝል ሲሠራ ላክቲክ አሲድ እንደሚጠራቀምበት አሳዩ። ምልከታው ትክክል ነበር። ያ ጡንቻ ግን ደም አይዞርበትም፤ ያመረተውን የሚልክበት ልብም ጉበትም የለውም። የዛለ ጡንቻ ውስጥ አሲዱ ስለተገኘ ያዛለው እርሱ ነው ተባለ። እ.ኤ.አ. የ1922ን የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሂልና ማየርሆፍም የጡንቻን መኮማተር ከላክቲክ አሲድ ጋር አያይዘው ያስቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 አይናር ሉንድስጋርድ የተባለ ዴንማርካዊ ላክቲክ አሲድ ማምረት እንዳይችል የተመረዘ ጡንቻ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን እንደሚኮማተር፣ ያለ አንዳች ላክቲክ አሲድም እንደሚዝል አሳየ። ከዚያ ወዲህ ሳይንሱ ሄዷል፤ ወሬው ግን እዚያው ቀርቷል።

ዛሬ የምናውቀው ላክቴት ነዳጅ መሆኑን ነው። አንዱ ጡንቻ ያመረተውን ሌላው ይጠቀምበታል፤ ልብ ደስ ብሎት ይወስደዋል፣ አንጎልም ይመገበዋል፣ ጉበት መልሶ ግሉኮስ ያደርገዋል። በአሜሪካ የበርክሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ጆርጅ ብሩክስ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይህን በማስረዳት ዕድሜውን ሰጥቷል። የአትሌቶች ሥልጠና ከሚያሻሽላቸው ነገሮች አንዱም ላክቴትን እንደተመረተ መልሶ የመጠቀም አቅም ነው።

ለተጠራጠረ ሰው ከራሳችን ትራክ ማስረጃ አለ። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ በ800 ሜትር ተወዳደረች፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የጊዜውን የሴቶች የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። በእነዚህ ሁለት ርቀቶች መካከል ያለውን ልዩነት አስቡት። 800 ሜትር በሙሉ አቅሙ የሮጠ ሰው በደሙ ውስጥ ያለው ላክቴት ከእረፍት ጊዜው ከአሥር እጥፍ በላይ ይሆናል። በማራቶን ግን ጭማሪው ትንሽ ነው። ሕመሙን የሚያመጣው ላክቴት ቢሆን ኖሮ በማግስቱ መራመድ የሚያቅታቸው የ800 ሜትር ሯጮች በሆኑ ነበር። ለቀናት እግራቸው የሚተሳሰረው ግን ማራቶን የሮጡት ናቸው።

ጊዜውም አይገጥምም። ሩጫ ካቆምን በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ላክቴት ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ ሕመሙ የሚበረታው ደግሞ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ነው። ሰኞ ጠዋት በእግራችን ውስጥ የተረፈ አሲድ የለም። ያለው በጡንቻው ክሮች ላይ የደረሰ ጥቃቅን ጉዳትና እሱን ለመጠገን የሚነሳ ብግነት ነው። ጉዳቱን በዋናነት የሚያደርሰው ጡንቻ እየተለጠጠ ሲሠራ ነው፤ ቁልቁለት ስንወርድ የጭናችን የፊት ጡንቻ ሰውነታችንን ለመያዝ እየተሳበ የሚረዝመው እንዲህ ነው። ሽቅብ መሮጥ የበለጠ ላክቴት ያመነጫል፣ የበለጠ የሚያሳምመው ግን ቁልቁለቱ ነው። የአዲስ አበባን መንገድ የሚያውቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

በሩጫው ላይ የሚሰማው መዛልስ? እሱ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን አንድ አይደለም። በጡንቻው ውስጥ ፎስፌትና የሃይድሮጅን አዮኖች ይበዛሉ፣ ፖታሲየም ከሴሎቹ ይወጣል፣ ካልሲየም እንደ መጀመሪያው አይለቀቅም፤ በማራቶን ከ30 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ በጡንቻና በጉበት የሚቀመጠው ስኳር፣ የግላይኮጅን ክምችት፣ ይመናመናል። ሙቀቱም አለ፤ ጡንቻ ከሚያቃጥለው ጉልበት ሥራ የሚሆነው ሩቡ ያህል ብቻ ነው፣ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይወጣል።

የሚያስቆጨኝ ወሬው ሰዎችን ወዴት እንደሚመራ ነው። በሃምሳ ዓመቷ እርምጃ የጀመረች እናት በሁለተኛው ቀን ሲያማት «አሲድ ነው» ስትባል ሰውነቷ እየተመረዘ መስሏት ታቆማለች። ተመሳሳዩን እንቅስቃሴ ከሳምንት በኋላ ብትደግመው ሕመሙ በእጅጉ እንደሚቀንስ የሚነግራት የለም። ወጣቱ አሲዱን ለማስወጣት በማግስቱ ለማሳጅ ይከፍላል። መታሸት ሕመም ሊያስታግስ ይችላል፤ የሌለ አሲድ ግን አያስወጣም።

ከሁሉ የሚከፋው አደገኛውን ከቀላሉ አለመለየት ነው። ሳይለማመድ ከአቅሙ በላይ የሠራ ሰው ጡንቻው በብዛት ሊፈርስ ይችላል፤ ከፈረሰው ጡንቻ የሚወጣው ማዮግሎቢን የተባለ ፕሮቲን ኩላሊትን ይጎዳል። ምልክቶቹ የጡንቻ ማበጥ፣ ከባድ ድክመት፣ እንደ ኮካ ኮላ የጠቆረ ሽንት ናቸው። ይህን ያየ ሰው በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት መሄድ አለበት። «አሲድ ነው፣ ይለቅሃል» ብሎ የሚያስቀምጠው አሰልጣኝ ኩላሊቱን እያሳጣው ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ የስፖርት መምህራንን፣ የጂም አሰልጣኞችንና የስፖርት ጋዜጠኞችን የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ለታላቁ ሩጫ የሚዘጋጅ ጀማሪ ከሳምንታት በፊት ጥቂት ጥቂት ቁልቁለት እንዲለማመድ ንገሩት። በማግስቱ ቢያመው ቀስ ብሎ እንዲራመድ ንገሩት፤ ሽንቱ ከጠቆረ ግን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ።