«ይሄ ሰውዬ ግን ሥራው ምንድን ነው?»

እናቴ ድራማ ስታይ አትናገርም። ማስታወቂያ ሲገባ ብቻ ሻይ ለመጣድ ብድግ ትላለች። ባለፈው እሑድ ግን ድራማው ገና ሳያልቅ ወደ እኔ ዞር ብላ «ይሄ ሰውዬ ግን ሥራው ምንድን ነው?» አለችኝ። ሰውየው የዋናዋ ገጸ ባሕርይ አባት ነው፤ ወደ 30 ክፍል ተከታትለነዋል። ቪላ አለው፣ ሾፌር አለው፣ ሰፊ ጠረጴዛ ያለበት ቢሮ አለው። ጸሐፊዋ ፋይል ይዛ ትገባለች፣ ይፈርማል፣ ትወጣለች። የሚፈርመው ስለ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደሚያስመጣ፣ ለማን እንደሚሸጥ አንድም ቀን አልተነገረንም። የምመልስላት አጣሁ።

እኔ ነርስ ነኝ። ስለ ካሜራም ሆነ ስለ ዝግጅት የማውቀው ነገር የለም። የሌሊት ተረኛ ባልሆንኩበት ቀን ከእናቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ የመጣውን የማይ ተራ ተመልካች ነኝ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ግን ያቺ ጥያቄ ከጆሮዬ አልጠፋ አለች። በአብዛኞቹ ፊልሞቻችንና ድራማዎቻችን ውስጥ ሰው ይዋደዳል፣ ይካካዳል፣ ይበቃቀላል፣ በውርስ ይጣላል። ሲሠራ ግን አይታይም። ሀብታሙ ሀብቱን ከየት እንዳመጣው፣ ድሃው የቤት ኪራዩን በምን እንደሚከፍል አይነገርም። ድሃው ልጅ ጋራዥ ይሠራል ከተባለ፣ እጁ ላይ ትንሽ ግሪስ ተቀብቶ የሀብታሟን ልጅ መኪና ሲከፍት አንድ ጊዜ እናየዋለን፤ ፍቅሩ ከተጀመረ በኋላ ጋራዡ ተረስቶ ይቀራል።

የሚሠራ ሰው አለ ከተባለ የቤት ሠራተኛዋ ናት። በር የምትከፍተው እሷ፣ ቡና የምታቀርበው እሷ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ቆማ ምስጢር የምትሰማውም እሷ። እሷንም ቢሆን የምናያት ትሪ ይዛ ስትገባ ነው። ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሊጥ ስታቦካ፣ ማታ እግሯን አጥፋ ደሞዟን ስትቆጥርና ምን ያህሉን ለእናቷ እንደምትልክ ስታሰላ አናያትም። አነጋገሯን የገጠር ያደርጉትና እንድንስቅባት ትላካለች። ይሄ ያሳዝነኛል። በሰው ቤት እየሠራች ታናናሾቿን ያስተማረች ሴት በየሰፈሩ አለች። ከዚያ ተነስታ ቤሩት፣ ጅዳ፣ ዱባይ የገባች፣ በላከችው ገንዘብ የቤተሰቧን ጣራ ያስቀየረችም ብዙ ናት። ከድራማው ሰዎች ሁሉ የሷ ሕይወት ታሪክ የሞላበት ሆኖ ሳለ ካሜራው በሩ ላይ ትቷት ወደ ሶፋው ይሄዳል።

የራሴን ሙያ ሲያሳዩ ደግሞ ዝም ብሎ ማየት ይከብደኛል። በሽተኛው በነጭ አንሶላ ላይ ብቻውን ተኝቷል፣ ግሉኮስ ተሰክቶለታል። ሐኪሙ ከክፍሉ ወጥቶ መነጽሩን እያወለቀ «የምንችለውን ሁሉ አድርገናል» ይላል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል። ከልክ በላይ የሚጮኸውን ሙዚቃ ለጊዜው ልተወው። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት ብቻውን የተኛ በሽተኛ ያየሁት ጥቂት ነው። አስታማሚ አለ። አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ የሚያድር ወንድም አለ። በፌስታል ምሳ ዕቃ፣ በፔርሙስ አጥሚት ይዛ ጥበቃውን የምትለማመጥ እህት አለች። ካርድ ክፍል ተሰልፎ የሚያረፍድ አለ። የታዘዘለትን መድኃኒት ፍለጋ ወረቀት ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ የሚዞር አለ። ከክፍለ ሀገር ሪፈር ተጽፎላቸው የመጡ ከሆነ ደግሞ፣ በሽተኛው አልጋ ቢያገኝም የሱ ሰዎች የት ያድራሉ? በሬው ይሸጥ አይሸጥ እያሉ በስልክ ሲመካከሩ በኮሪደሩ ሳልፍ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። በሬው ከተሸጠ በሰኔ በምን ይታረሳል? ይህን የሰማ ደራሲ መኪና አያጋጭም፣ የጠፋ መንትያ አያመጣም ነበር።

ሥራ ሲያሳዩት አሰልቺ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ልጆች ደጋግመው ሲያወሩለት ሰምቼ «ብሬኪንግ ባድ» የተባለውን የአሜሪካ ተከታታይ አየሁት፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረ ነው። ሰውየው የኬሚስትሪ መምህር ነው፤ ደሞዙ ስለማይበቃው ከትምህርት ቤት ሲወጣ መኪና እጥበት ይሠራል። በመጀመሪያው ክፍል ተንበርክኮ ጎማ ሲያጥብ የገዛ ተማሪው ያየዋል፤ መኪናው የተማሪው ነው። ያ ውርደት በኋላ የሚያደርገውን ጥፋት ትክክል አያደርገውም፣ ግን ሰውየው ከየት እንደተነሳ ገባኝ። ደሞዝ የማይበቃው መምህር እኛ አገር የለም እንዴ?

እኛም ስንፈልግ እንችላለን። ኃይሌ ገሪማ አብዮቱ በፈነዳበት ሰሞን የቀረጸውና እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በጥቁርና ነጭ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ጭሰኛው ሲያርስ፣ ቤተሰቡ ከንጋት ጀምሮ ሲለፋ የምናየው ሥራው ራሱ በሚወስደው ጊዜ ልክ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አልዋሽም። ካየሁት በኋላ ግን የአያቴን ወገብ አስታወሰኝ። ያሬድ ዘለቀ እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው «ላምብ» ደግሞ በፈረንሳዩ የካን የፊልም ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ልጅ በጉን ከመታረድ ለማዳን፣ የመመለሻ የአውቶቡስ ገንዘብ ለማግኘት ሳምቡሳ ሠርቶ ገበያ ይሸጣል። ወንድ ልጅ ምን ወጥ ቤት አስገባው ይሉታል፤ እሱ ግን እጁ ጎበዝ ነው። ስለዚያ ልጅ ሁሉን ነገር የነገረኝ እጁ ነው፤ ንግግሩ ጥቂት ነበር።

ከቴሌቪዥኑም ቢሆን በፋና የታየው «ምን ልታዘዝ» ሰዎቹን ካፌ ውስጥ ስላስገባቸው ነው የተወደደው ብዬ አምናለሁ። የሚታዘዝና የሚያዝ ሰው ባለበት ቦታ ጠብም ሳቅም ራሱ ይመጣል። በ2014 ዓ.ም. በአርትስ የተላለፈው «እረኛዬ» ገጠሩን ለመሳቂያ ሳያደርገው ሲያሳይ ደግሞ እናቴ ሻይ መጣዱንም ረስታው ነበር።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር የውጭ ድራማ በአማርኛ ድምፅ እየሰጠ ማቅረቡ የአገር ውስጥ ባለሙያዎችን አስቆጥቶ ነበር። ሥጋታቸው ይገባኛል፣ እንጀራቸው ነው። እናቴን ከቱርክ ድራማዎቹ ጋር ያቆራኛት ግን ሌላ ነገር ነው። የእነሱም ሀብታሞች በባሕር ዳርቻ ቪላ ይኖራሉ፤ ሆኖም ቁርስ ይበላሉ። ዳቦው ይቆረሳል፣ ሻዩ በትንሿ ብርጭቆ ይቀዳል፣ ሱቅ የሚከፍት ጎረቤት አለ። «የሰው ቤት ይመስላል» ትለኛለች።

የእኛ ሰዎች ለምን ቪላ እንደሚመርጡ ለመገመት አይከብድም። ግቢው ይዘጋል፣ የመኪና ጥሩምባ አይገባም፣ ተመልካች አይሰበሰብም። ገበያ መሐል ወይም ጋራዥ ውስጥ መቅረጽ ፈቃድ ማስፈለጉ፣ ድምፅ ማስቸገሩ፣ ቀን ማስፈጀቱ አይቀርም፤ ድራማው ደግሞ በየሳምንቱ መድረስ አለበት። ይህን ሁሉ ተቀብዬም ቢሆን፣ አንድ የልብስ ሰፊ ክፍል ከአንድ ሳሎን ይበልጥ ውድ ነው ብሎ የሚያሳምነኝ የለም። ሲንጀር መኪና፣ አንድ አምፖል፣ ልኳን ልትለካ የመጣች ሴት። ቪላ አይጠይቅም።

እናቴ ግን አንድ ቀን ይህን ሳወራላት «ችግሩንማ እቤቴ አለልኝ፣ ደግሞ በቴሌቪዥን ልየው?» አለችኝ። ቀላል መልስ የለውም። ቀኑን ሙሉ የለፋ ሰው ማታ ቆንጆ ሶፋ ማየት ቢያምረው ልፈርድበት አልችልም። እኔ ግን ችግር አሳዩኝ አላልኩም። ሥራ ችግር ብቻ አይደለም። መርፌ ለመሰካት የደም ሥር ያጣሁበትን ሕፃን አንዷ ባልደረባዬ በአንድ ሙከራ ስታገኝለት ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ እፎይ የሚለው ነገር አለ። እሱን ማየት ነው የናፈቀኝ።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የአንዲት ታማሚ ወንድም፣ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ሱሪው ላይ ሲሚንቶ እንደደረቀ የታዘዘውን መድኃኒት በአራተኛው ፋርማሲ አግኝቶ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ከሰጠኝ በኋላ «ሲስተር፣ ቻርጀር ይኖራል?» አለኝ። አዋስኩት። ተመልሼ ስመጣ ካርቶኑ ላይ ተቀምጦ አልጋውን ተደግፏል፤ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ እሱ፣ አንዱን እህቱ ይዘው በስልኩ ድራማ ያያሉ። ከኋላቸው ቆሜ ትንሽ አየሁ። ሰፊ ሳሎን ነበር፤ አንድ ሰውዬ ወረቀት ይፈርማል።