ልጁ የት ይሂድ?

ዛሬም አንዱ ጎረቤት የ15 ዓመት ልጄን «የዘንድሮ ልጆች፣ ከስልክ በቀር ምን ታውቃላችሁ!» አለው። በቃ፣ መረረኝ! ታዲያ የት ይሂድ?

እኛ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ስናድግ ደጃፉ ሁሉ ሜዳ ነበር። ካልሲ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀን፣ በሲባጎ ጠፍረን፣ ሁለት ድንጋይ ጎል አድርገን እስኪመሽ እንራገጥ ነበር። ብናጠፋ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይቆጣናል። ቢርበን ያገኘችን እናት ታጎርሰናለች።

ያ ሰፈር በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። የልጄ አብሮ አደጎች ከተማው ዳር ተበተኑ። ኳስ ልጫወት ቢል ሜዳው በሰዓት ይከፈልበታል። መንገድ ዳር ቢቆም ጥበቃው «ዞር በሉ!» ይላል። ጓደኞቹን የሚያገኘው በዚያችው ስልክ ነው! እሷንስ ብንቀማው ምን ልንሰጠው ነው? ሜዳውን ያጠፋው እሱ ነው እንዴ?