ይድረስ ለክቡር ወረፋ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ጅማዎች ከዝናቡና ከኔትወርኩ በቀር ደህና ነን።

ባለፈው ማክሰኞ ሂርማታ አካባቢ አንድ ቢሮ ደጅ ላይ ተገናኝተን ነበር። ትዝ ይልዎት እንደሆነ፣ ሰው በጓሮ በር ገብቶ ጨርሶ ሲወጣ ዣንጥላ ይዤ ቆሜ የማየው እኔ ነኝ። አሜሪካ ጥገኝነት ለጠየቀው ወንድሜ የልደት ሰርተፍኬት ላወጣ ነው የመጣሁት። ጠበቃው "ድንገት ለቃለ መጠይቅ ከጠሩህ ዶክመንትህ ተሟልቶ ይገኝ" ብሎታል። መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል "ባለጉዳዩ ራሱ ይምጣ" አለችኝ። አይችልም አልኳት። "እንግዲያው ኤምባሲ ሄዶ ውክልና ይላክልሽ።" መንግስት ያስረኛል ብሎ ያመለከተ ሰው እዚያው መንግስት ደጅ ሄዶ ማህተም ይለምን! ዝም ስል ድምጿን ከፍ አደረገች፦ "ቆይ፣ ለምንድነው የማይመጣው? ምን አድርጎ ነው?" ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሲያጫውቱኝ የነበሩት እትዬ ነጠላቸውን ሰብስበው ፈቀቅ አሉ። "ስራ በዝቶበት ነው" አልኩ፣ እንደ ሌባ አንገቴን ደፍቼ። ከዚያ ሻይ ሰዓት ደረሰና መስኮቱ ተዘጋ።

የእርስዎ ታላቅ ወንድም ግን አሜሪካ ነው ያለው። በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ እዚያ ኢሚግሬሽን ቢሮ ውሳኔ የሚጠብቀው የጥገኝነት ማመልከቻ ከ1 ሚሊዮን አልፎ ነበር። ለማሳጠር የተገኘው መላ ደግሞ፣ ከፈረንጆቹ 2018 ጀምሮ፣ መጨረሻ የገባውን መጀመሪያ መጥራት! ለስራ ፈቃድ ብቻ ብሎ የሚያመለክተውን ለማስቀረት ነው አሉ። ይሁን፣ ቀድሞ የገባው ታዲያ ምን አጠፋ? በ2024 ለቆዩትም ጥቂት ሰራተኛ ተመደበ ሲባል ቤታችን ቡና ተፈልቶ ነበር። በከንቱ።

ስማ ወረፋ፣ አንቱታው ይብቃን። እናቴ ስትሞት ልጇ ቀብሯን በስልክ ነው ያየው። ቢመጣ "አገርህ ከገባህማ ምን ያስፈራሃል" ብለው ፋይሉን ይዘጉበታል። ጎረቤት ደግሞ "ረሳት" ይላል። ለስንቱ ነው የማስረዳው? እሷ በሩን እያየች ነው የሞተችው!

በ2025 ደግሞ ሌላ ህግ አወጡ፦ ማመልከቻው ሳይወሰን ለቆየበት ለእያንዳንዱ ዓመት 100 ዶላር። የሚያዘገዩት እነሱ፣ የሚከፍለው እሱ። ከፍሏል፣ ደረሰኙም አለ። ኮፒ ከፈለግህ መብራት ሲመጣ እናስነሳልሃለን።