ማስተካከያ፦ ግድግዳ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ለመክፈት የሚሆን ድሪል

ባለፈው ጽሑፌ፣ በጡብና በብሎኬት ግድግዳ ላይ ለቱቦ ማሳለፊያ ትልቅ ቀዳዳ ለመክፈት «ማንኛውም ሐመር ድሪል ይበቃል፤ ምቱን ከፍታችሁ ሥሩ» ብዬ ነበር (ሐመር ድሪል እየዞረ የሚመታ ድሪል ነው)። ተሳስቻለሁ፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ለእንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚገጠመው የዳይመንድ ኮር ቢት (ቱቦ መሰል ክብ መቁረጫ) የሚቆርጠው እየፈጨ እንጂ እየመታ አይደለም። ምቱ ሲከፈት ጫፉ ላይ ያሉት የዳይመንድ ጥርሶች ይሰነጠቃሉ፣ ይረግፋሉም። ስለዚህ ድሪሉ ምቱ ጠፍቶ በዙር ብቻ መሥራት የሚችል መሆን አለበት። ምት የሚችለው ለምት ተብሎ የተሠራው ባለ ካርባይድ ጥርስ ኮር ቢት ነው። ሁለቱን እንደ አንድ አድርጌ መጻፌ ነው ስህተቱ።

ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን ክላችን ሳልጠቅስ ማለፌ ነው። 117 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቢት ግድግዳ ውስጥ ድንገት ሲነክስ ድሪሉ ራሱ ይዞራል። የእጅ አንጓ ሊሰብር ይችላል። ክላች ካለው ግን ቢቱ ሲያዝ የሞተሩ ኃይል ይላቀቃል። ክላች የሌለውን፣ ጉልበቱ የቱንም ያህል ቢሆን፣ ለዚህ ሥራ አትግዙ። የጎን እጀታውንም ግጠሙና በሁለት እጅ አጥብቃችሁ ያዙ።

«ፈጣኑ ይሻላል» ያልኩትም ይሰረዝ። ቢቱ በሰፋ ቁጥር ዙሩ መቀነስ አለበት።