ቻርልስተን፦ ባለቤቱ ተጽፏል፣ የሠራው የት አለ?

የሳውዝ ካሮላይናዋ ቻርልስተን ታምራለች። ይሄ አያከራክርም። በኢስት ቤይ መንገድ የተደረደሩት 13ቱ ባለ ቀለም ቤቶች፣ ረጃጅሞቹ በረንዳዎች፣ የብረት በሮቹ ልብ ይሰርቃሉ። ከአትላንታ አምስት ሰዓት ያህል ነድቶ የሚሄደው የኛ ሰውም ፎቶ ሳይነሳ አይመለስም። ይነሳ። እኔ የከነከነኝ በሩ አጠገብ የተለጠፈው ሰሌዳ ነው።

ከተማዋ ሰሌዳ ትወዳለች። የቅርስ ጥበቃ ማኅበሯ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ አሮጌ ቤት በደንብ ላደሰ ሰው ካሮሎፖሊስ የሚባል ሽልማት ይሰጣል። እስካሁን ከ1,000 በላይ ቤቶች ተሸልመዋል፤ ሽልማቷም በር አጠገብ የምትለጠፍ ትንሽ ሰሌዳ ናት። የቤቱን ታሪክ የሚናገሩ ሌሎች ሰሌዳዎችም አሉ። እገሌ የሚባል ነጋዴ በዚህ ዓመት አሠራው፣ እገሌ የሚባል ሹም እዚህ ኖረ ይላሉ። እሺ፣ ጡቡን ማን አቃጠለው? እንጨቱን ማን ጠረበው? አብዛኞቹ ይሄን አይነግሩንም።

መልሱ ግን ይታወቃል። በአብዛኛው በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ናቸው የሠሩት። ግድግዳው ራሱ ምስክር ነው። አንዳንድ አሮጌ ጡቦች ላይ፣ ጠጋ ብሎ ላየ፣ የጣት አሻራ አለ። ጭቃው ሳይደርቅ ሲያነሱት የቀረ ነው። አንዳንዱ አሻራ በጣም ትንሽ ነው፤ የልጅ ጣት ነው። አስጎብኚ ያሳያል፣ ሰው በጣቱ ይዳስሰዋል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ቤት ይታለፋል።

የበለጠ የሚያናድደኝ ደግሞ ይሄ ነው። ቻርልስተን በባርነት ዘመንም የብረት ምልክት ታወጣ ነበር። ጌታ ነኝ ባይ፣ በባርነት የያዘውን ሰው ለሌላ አሠሪ ሲያከራይ፣ ከከተማው አስተዳደር በየዓመቱ የመዳብ ባጅ መግዛት ነበረበት። ባጁ ላይ የከተማዋ ስም፣ ዓመቱ፣ ቁጥር፣ እንዲሁም አገልጋይ፣ ተሸካሚ፣ ዓሣ አጥማጅ እየተባለ የሥራው ዓይነት ይቀረጽበታል። የሰውየው ስም ግን የለም። አስተዳደሩ ገንዘቡን ተቀብሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ስሙን ተወው። ዛሬ በሮቹ ላይ ያሉት ሰሌዳዎችም ያንኑ እየደገሙ ነው።

«ሙዚየም ተሠራለት አይደል?» የሚል አለ። አዎ፣ በ2023 ዓለም አቀፉ የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም ጋድስደን በሚባለው የድሮ የመርከብ መውረጃ ላይ ተከፍቷል። የባሪያ ንግዱ በ1808 በሕግ ከመዘጋቱ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በሰንሰለት የወረዱበት ቦታ ነው። ቻልመርስ መንገድ ላይ ያለው፣ ሰው ይሸጥበት የነበረው የጨረታ ቤትም ሙዚየም ሆኗል። እሰየው። ግን ቲኬት ቆርጦ የሚገባ ሰው ቀድሞም ማወቅ የፈለገ ነው፤ ሰሌዳ የሚያገኘው እንዲሁ መንገድ የሚያልፈውን ነው።

ደግሞም ገና ያልተነገረ ብዙ አለ። አንዲት የቻርልስተን ኮሌጅ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የድሮ ጋዜጣ ስታገላብጥ የ1835 ማስታወቂያ አገኘች። ሩዝ እርሻ ላይ የሠሩ 600 ሰዎች ከጉምሩክ ቤቱ በስተሰሜን ለጨረታ ይቀርባሉ ይላል። እስከዚያ ድረስ በአሜሪካ ትልቁ ሲባል የኖረው በ1859 ከጆርጂያዋ ሳቫና ከተማ ወጣ ብሎ የተካሄደው ሽያጭ ነበር፤ እሱም 436 ሰው ገደማ ነው። ስድስት መቶ ሰው! ይህን ያህል ሕዝብ ከተማው መሀል ለጨረታ ቀርቦ፣ ወሬው እስከ ቅርብ ጊዜ ጋዜጣ ውስጥ ተቀብሮ ኖረ።

«ቤቱ የግል ነው፣ ማንንም ማስገደድ አይቻልም» የሚሉም አሉ። ቻርልስተን እኮ በ1931 ደንብ አውጥታ ታሪካዊ ሠፈርን በመከለል ከአሜሪካ የመጀመሪያዋ ናት። እዚያ ሠፈር ቤት ያለው ሰው በራሱ ገንዘብ የውጭ መስኮቱን ለመቀየር እንኳ የከተማውን ቦርድ ያስፈቅዳል። ስለ መስኮት የሚሰበሰብ ቦርድ ስለ ሰሌዳ መነጋገር ሊከብደው አይገባም። የከተማው ምክር ቤትም በ2018 በባርነት ለነበረው ድርሻ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ስለዚህ ሸላሚው ማኅበር መስፈርቱ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምር፦ ይህን ቤት የሠሩት እነማን ናቸው? የብዙዎቹ ስም በኑዛዜና በንብረት ቆጠራ መዝገብ ላይ አለ፣ ከበሬውና ከወንበሩ ጋር ተዘርዝሮ። ተፈልጎ ከጠፋም መጥፋቱ ራሱ ሰሌዳው ላይ ይጻፍ።

በሚመጣው ሰመር የምትሄዱ ካላችሁ ኤሊዛቤት መንገድ ያለውን የኤከን ሬት ቤት እዩ። ሳሎኑን ብቻ አይታችሁ እንዳትወጡ፣ ጓሮውን ዙሩ። በባርነት የተያዙት ሰዎች ያድሩባቸው የነበሩት ክፍሎች ሳይታደሱ እንዳሉ ይገኛሉ። ሌሎች ቤቶች ስትጎበኙ ደግሞ ከኋላ ያለው ሕንፃ ማን ይኖርበት እንደነበር አስጎብኚውን ጠይቁት። መልስ ካጣ ለማኅበሩ ኢሜይል ጻፉ። ገንዘባችሁን ከፍላችሁ ነው የገባችሁት፣ መጠየቅ መብታችሁ ነው።